የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንስኤዎች፦ ከቬርሳይ እስከ ወልወል፣ ከወልወል እስከ ቡሬ

ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው መንገድ በየካቲትና በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት አውድማ ነበር። በአንድ ወገን የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር፣ በሌላ ወገን የጎጃም አርበኞች፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከሱዳን የገቡ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች፣ የሱዳን ተዋጊዎችና የእንግሊዝ መኮንኖች ተሰልፈውበታል። ይህ ውጊያ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው እንደ ኢትዮጵያ የነፃነት ተጋድሎ ብቻ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ ኃያላን እርስ በርስ የተፋጁበት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዱ ግንባርም ነበር። ከዚያም በላይ ኢትዮጵያ የጦርነቱ አንድ ግንባር ብቻ ሳትሆን፣ ጦርነቱ እንዲቀሰቀስ መንገዱን ከጠረጉት ጉዳዮች መካከል ዋና ቦታ የያዘች አገር ናት።

ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለቀበት ይህ ጦርነት በይፋ የተጀመረው ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ጀርመን ፖላንድን ስትወርር ነው። የዚያን ዕለት የሆነው ግን ሰበቡ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ምክንያቱ ሃያ ዓመት ያህል ሲከማች የኖረ ነው። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን መንስኤዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል። በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የቬርሳይ ውልና ያስቀረው ቂም

አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው በጀርመን ሽንፈት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. በፈረንሳይ ቬርሳይ በተፈረመው የሰላም ውል ጀርመን ለጦርነቱ ኃላፊነቱን እንድትቀበል ተደረገ፤ በአውሮፓ ከነበራት ግዛት አሥራ ሦስት በመቶ ያህሉን አጣች፤ በአፍሪካና በሌሎች አካባቢዎች የያዘቻቸውን ቅኝ ግዛቶች ሁሉ ተነጠቀች፤ የምድር ጦሯም ከ100 ሺሕ ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሣ እንድትከፍል ተፈረደባት።

ውሉ ጀርመንን አዋርዷል፤ ዳግመኛ እንዳትነሣ የሚያደርግ አቅም ግን አልነበረውም። ፈረንሳይ ውሉ በጥብቅ እንዲከበር ስትሻ እንግሊዝ ቀስ በቀስ እንዲላላ ፈለገች። የሁለቱ አሸናፊዎች አለመግባባት ለቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ዘለቀ። ቂም ያለው ተሸናፊና ልብ ለልብ ያልተገናኙ አሸናፊዎች ጎን ለጎን መኖራቸው የመጀመሪያው የጦርነት መንስኤ ሆነ።

ከአሸናፊዎቹ ጎን የነበረችው ኢጣሊያም የራሷ ቅሬታ ነበራት። ሚያዝያ 18 ቀን 1907 ዓ.ም. በለንደን በምስጢር በተፈረመ ውል እንግሊዝና ፈረንሳይ በአፍሪካ የጀርመንን ግዛቶች ከያዙ ለኢጣሊያም ማካካሻ እንደሚሰጧት ቃል ገብተው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን የጀርመን ቅኝ ግዛቶች በአብዛኛው ለሌሎች ተከፋፍለው ለኢጣሊያ የደረሳት ጥቂት ነበር። ጥቅምት 1915 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ይህንን ቅሬታ የፖለቲካው ስንቅ አደረገው።

የምጣኔ ሀብት ድቀትና የአምባገነኖች መነሣት

በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ የጀመረው የምጣኔ ሀብት ድቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ አገሮች ገበያቸውን በቀረጥ አጠሩ። በጀርመን በ1924 ዓ.ም. ሥራ ፈት የሆነው ሰው ቁጥር ስድስት ሚሊዮን ደረሰ። ሥራ ያጣው የከተማ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ምርቱ ዋጋ ያጣበትና በዕዳ የተያዘው ገበሬም ጽንፈኛ ፓርቲዎችን መስማት ጀመረ። በተለይም በሰሜን ጀርመን ገጠር የናዚ ፓርቲ ከፍተኛ ድምፅ አገኘ። አዶልፍ ሂትለር ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም. የአገሪቱ መራኄ መንግሥት ሆነ።

የሂትለርና የሙሶሊኒ አስተሳሰብ በአንድ ነገር ይገናኛል፤ ሁለቱም የሕዝባቸውን ችግር በሌላው ሕዝብ መሬት ለመፍታት አሰቡ። ሂትለር ለጀርመን ሕዝብ የሚሆን ሰፊ የእርሻ መሬት በምሥራቅ አውሮፓ መያዝ አለበት ብሎ ያምን ነበር። ሙሶሊኒ በ1917 ዓ.ም. አገሩን በስንዴ ራሷን ለማስቻል «የስንዴ ዘመቻ» የተባለ ንቅናቄ አውጆ ነበር፤ በኋላ ግን መሬት ያጣውን ገበሬ በአፍሪካ ለማስፈር ተነሣ። ይህም ሐሳብ ዓይኑን ወደ ኢትዮጵያ አስጣለው።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለምን ፈለገች?

የኢጣሊያ ምኞት ከሙሶሊኒ በፊት የነበረ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የደረሰባት ሽንፈት በአውሮፓ አደባባይ አሳፍሯታል። ኤርትራንና ሶማሊያን ይዛ በመካከላቸው ያለችውን ነፃ አገር አለመያዟ በቅኝ ገዥዎቿ ዘንድ እንደ ጎዶሎ ሥራ ይታይ ነበር። በዚህ ላይ የምጣኔ ሀብቱ ድቀት ሲጨመር ሙሶሊኒ የሕዝቡን ትኩረት ከኑሮ ውድነት ወደ ውጭ ድል የሚያዞርበት አጋጣሚ ፈለገ።

ያም ሆኖ ኢትዮጵያ በቀላሉ የምትደፈር አገር አልነበረችም። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆናለች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ ሁሉ እንደተጠቁ እንዲቆጥሩት ያዝዛል። ከኢጣሊያም ጋር ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርማ ነበር። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር እነዚህን ውሎች መጣስ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም ሲጥስ ዝም እንዲሉት ማድረግ ነበረበት።

ጣናና ዓባይ በኃያላኑ ሚዛን

እንግሊዝ ለምን ዝም አለች ለሚለው ጥያቄ የመልሱ አንድ ክፍል የሚገኘው እዚሁ ጎጃም ነው። እንግሊዝ ግብፅንና ሱዳንን ስትቆጣጠር ዋናው ጭንቀቷ የዓባይ ውኃ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ቃል አስገባች። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ባደረጉት የሦስትዮሽ ውል የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ለዩ፤ የዓባይ ተፋሰስ የእንግሊዝ ጥቅም ሆኖ ተመዘገበ።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ በደብዳቤ ተስማሙ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ስትጠይቅ ኢጣሊያ ልትደግፋት፣ ኢጣሊያ ከኤርትራ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አልፎ ሶማሊያ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ስትጠይቅ ደግሞ እንግሊዝ ልትደግፋት ነው ስምምነቱ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጉዳዩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቅርበው ተቃወሙ፤ ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው ለማስረዳት ተገደዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ሰር ጆን ማፊ በተባሉ ባለሥልጣን የተመራ የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴ አንድ ምስጢራዊ ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ ከጣና ሐይቅና ከዓባይ ምንጮች በቀር እንግሊዝ በኢትዮጵያ ውስጥ የኢጣሊያን ወረራ እንድትቋቋም የሚያስገድዳት ወሳኝ ጥቅም የላትም ሲል ደመደመ። የኢጣሊያ ሰላዮች ሪፖርቱን ሰርቀው ስላገኙት ሙሶሊኒ እንግሊዝ ለኢትዮጵያ ብላ እንደማትዋጋ ዐወቀ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ጋዜጣ ላይ ሲታተምም ዓለም ሁሉ አነበበው። የጎጃም ገበሬ በሬውን የሚያጠጣበት ወንዝ በለንደን ሚዛን ላይ ዋጋ ሲወጣለት፣ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነፃነት ግን አልተመዘነም።

ወልወል፦ ሰበቡ

ወልወል በኦጋዴን የሚገኝ፣ ከብት አርቢዎች የሚጠቀሙበት የውኃ ጉድጓዶች ሥፍራ ነው። ምንም እንኳ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ቢሆንም የኢጣሊያ ወታደሮች ምሽግ ሠርተው ይዘውት ነበር። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የጋራ የወሰን ኮሚሽን ከነአጃቢው ወደ ሥፍራው ሲደርስ ተፋጠጡ፤ ኅዳር 26 ቀን ውጊያ ተነሣ፤ ከ100 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሞቱ።

ጥፋተኛዋ ኢጣሊያ ካሣና ይቅርታ ጠየቀች፤ ለባንዲራዋም ሰላምታ እንዲሰጥ አዘዘች። ኢትዮጵያ ጉዳዩ በሽምግልና እንዲታይ ጠየቀች። ሽምግልናው ወራት ወስዶ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ ለግጭቱ ሁለቱንም ወገን ተጠያቂ ሳያደርግ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ ግን የኢጣሊያ መርከቦች በስዊዝ ቦይ በኩል ጦርና ስንቅ ወደ ምጽዋና ሞቃዲሾ ሲያመላልሱ ከርመዋል።

በእነዚሁ ወራት ፈረንሳይና እንግሊዝ ከኢትዮጵያ ይልቅ የሂትለር መነሣት አስግቷቸው ኢጣሊያን በጎናቸው ለማቆየት ይጥሩ ነበር። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማ፤ ሙሶሊኒም በኢትዮጵያ ላይ የፈለገውን እንዲያደርግ እንደተፈቀደለት አድርጎ ተረጐመው። በሚያዝያ ወር ሦስቱ መንግሥታት በኢጣሊያዋ ስትሬዛ ከተማ ተሰብስበው ጀርመንን ሲያስጠነቅቁ መግለጫቸው የሚናገረው ስለ አውሮፓ ሰላም ብቻ ነበር። ስለ አፍሪካ አንድም ቃል አልተነሣም። ሙሶሊኒ ዝምታውን እንደ እሺታ ወሰደው።

የመንግሥታቱ ማኅበር ውድቀት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ 50 ያህል አገሮች የደገፉት የንግድ ማዕቀብም ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልጨመረም። የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች አልተዘጋም። ታንክና አውሮፕላን ያለ ነዳጅ እንደማይንቀሳቀስ የማያውቅ አልነበረም።

በኅዳር መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለኢጣሊያ የሚሰጥ የምስጢር እቅድ አወጡ። እቅዱ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰውየው ቢወርድም የማኅበሩ ክብር አልተመለሰም። ኢጣሊያ ራሷ ፈርማ የተቀበለችውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ጥሳ በወታደርና በሰላማዊ ሰው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ስታዘንብም የሚያስቆማት አልተገኘም።

መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የትንንሽ አገሮች ሁሉ ህልውና መሆኑንም አሳሰቡ። ጉባኤው አዳመጠ፤ በቀጣዩ ወር ማዕቀቡን አነሣ።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋርሶ

የኢትዮጵያ መወረር ወደ አውሮፓው ጦርነት የመራው በሦስት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የኃይል አሰላለፍ መለወጥ ነው። እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ ኢጣሊያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ሆና ጀርመንን ትጠብቅ ነበር። ማዕቀቡ ሙሶሊኒን ለማስቆም እጅግ ደካማ ቢሆንም እርሱን ለማስቀየም ግን በቂ ሆነ። ጀርመን መጀመሪያ ላይ ኢጣሊያ በጦርነቱ እንድትደክም ብላ ለኢትዮጵያ ጥቂት መሣሪያ በድብቅ ሰጥታ ነበር፤ ኋላ ግን የሙሶሊኒን መገለል አይታ ወደ እርሱ ተጠጋች። በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ሂትለር የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ይዞታ ዕውቅና ሲሰጥ የሮምና የበርሊን ጥምረት ተመሠረተ። ግንቦት 14 ቀን 1931 ዓ.ም. ደግሞ ጥምረቱ በጦር ውል ታሰረ።

ሁለተኛው የጀርመን መደፋፈር ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ጉዳይ ሲወዛገቡ ሂትለር የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦር እንዳይገባበት በውል የተከለከለውን የራይን አካባቢ በወታደር ያዘ። የነካው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በመጋቢት 1930 ዓ.ም. ኦስትሪያን ጠቀለለ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. በሙኒክ ስምምነት የቼኮስሎቫኪያን ድንበር አካባቢ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ፈቃድ ወሰደ፤ በመጋቢት ደግሞ ፕራግ ገባ። በጄኔቫ የተለመደው የሰው አገር ቆርሶ ሰላም የመግዛት ዘዴ በሙኒክ ተደገመ።

ሦስተኛው የጋራ ደኅንነት ተስፋ መሞቱ ነው። ጃፓን በ1924 ዓ.ም. ማንቹሪያን ስትይዝ ማኅበሩ ተፈትኖ ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ፈተናውን በመላው ዓለም ፊት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማንም መንግሥት ደኅንነቱን ለማኅበሩ አደራ የሚሰጥ አልሆነም። እያንዳንዱ ለብቻው መሣሪያ ማከማቸትና ለብቻው መዋዋል ያዘ። የዚህ ፍጻሜ ነሐሴ 17 ቀን 1931 ዓ.ም. ባላንጣ የነበሩት ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ላለመወጋጋት መዋዋላቸው ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ፖላንድ ተወረረች፤ ነሐሴ 28 እንግሊዝና ፈረንሳይ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጁ።

ጦርነቱ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሲደርስ

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከጀርመን ጎን ሆና ጦርነት ስታውጅ የለንደን ስሌት በአንድ ቀን ተገለበጠ። ከአምስት ዓመት በፊት «ወሳኝ ጥቅም የለንም» ያለው መንግሥት ሱዳንንና ግብፅን ለማዳን የጎጃምን አርበኛ ርዳታ ፈላጊ ሆነ።

አርበኛው ግን እንግሊዝን አልጠበቀም። ከ1929 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢጣሊያ የገበሬውን ጠመንጃ ለመግፈፍ ስትሞክር ጎጃም ሸፍቷል። በላይ ዘለቀ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። ኢጣሊያ የተከላካዮቹን መከፋፈል፣ በተለይም በአርበኞች አለቆች መካከል የነበረውን ፉክክርና የቀድሞው የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በማዕከላዊው መንግሥት ላይ የነበራቸውን ቅያሜ ለመጠቀም ሞክራለች። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም የገባው የኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ቡድን ዋና ሥራም ተፎካካሪዎቹን አለቆች ማስማማት ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ ላይ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ገቡ። በኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት የሚመራው «የጌዴዎን ኃይል» 800 ያህል ሱዳናውያንና 800 ያህል ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ነበሩት። ስንቁን የጫኑት በሺሕ የሚቆጠሩ ግመሎች የቆላ እንስሳት በመሆናቸው አቀበቱንና የደጋውን ብርድ አልቻሉም፤ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ስለዚህ ኃይሉ የተደገፈው በአካባቢው ሕዝብና በአርበኞች ነው።

በቡሬና በማንኩሳ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በቁጥር በብዙ ቢበልጥም በሌሊት ጥቃትና በዙሪያው በተነሣው ሕዝብ ተጨነቀ። አዛዡ ኮሎኔል ናታሌ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ከሁለት ቀን በኋላ ደምበጫ አቅራቢያ መንገድ የያዘው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከሚሸሸው ጦር ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ሻለቃው ብዙ ሰው ቢያጣም በጠላት ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ።

ኢጣሊያ የተመኘችው የእርሻ ሰፈራም ከሸፈ። በጎንደር ወገራና በሐረርጌ ጨርጨር የተጀመሩት የሰፋሪ መንደሮች ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ይዘው ቀሩ። እህል ታመጣለች የተባለችው አገር ወራሪው እህል ከውጭ የሚያስገባባት ሆነች። ባለቤቱ ያልፈቀደው መሬት አልታረሰም።

የታሪክ ጸሐፊዎች ክርክር

ስለ ጦርነቱ መንስኤዎች የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ሐሳብ የላቸውም። ብዙዎቹ ዋናውን ኃላፊነት በሂትለር እቅድና የዘር ርእዮት ላይ ያደርጋሉ። እንግሊዛዊው ኤ.ጄ.ፒ. ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ሂትለር አስቀድሞ በተነደፈ እቅድ ሳይሆን ሌሎቹ በሰጡት ዕድል እየተጠቀመ እንደ ተጓዘ ተከራክሮ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። በስደት የኖረው ኢጣሊያዊ የታሪክ ምሁር ጋኤታኖ ሳልቬሚኒ ደግሞ የኢትዮጵያን ወረራ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቅድም አድርጎ አይቶታል።

ክርክሩ ቢቀጥልም ከላይ የተዘረዘሩት ድርጊቶች አንድ ነገር ያሳያሉ። ኢትዮጵያ ስትወረር ወራሪውን ማስቆም የሚጠይቀው ዋጋ ነዳጅ መከልከልና ቦይ መዝጋት ነበር። ያንን ዋጋ የሸሹት መንግሥታት ከአራት ዓመት በኋላ በራሳቸው ከተሞችና በራሳቸው ልጆች ከፈሉ። ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ፓሪስ ስትያዝ፣ የእንግሊዝ መኮንኖችም ግመል ነድተው የጎጃምን አቀበት ሲወጡ፣ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ሳይከፈል የቀረው ዕዳ ከነወለዱ እየተከፈለ ነበር።